ጉዲት የማን ልጅ ናት?

አክሱም ጽዮንን ለመሳለም የሚሄድ ምእመን፣ ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ በጉዲት ስም የሚጠራ የሐውልቶች ሜዳ ያገኛል። ነገር ግን በሥፍራው የተገኙት መቃብሮች ከእርስዋ ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማሉ። ስምዋ ያልሠራችውንም ወርሷል።

በትውፊታችን እሳቶ ወይም ዮዲት የምትባለው ይህች ንግሥት፣ አብያተ ክርስቲያናትን ያቃጠለች አይሁዳዊት ናት። (ዮዲት ሕዝብዋን ያዳነችው የመጽሐፍ ሴት ስም መሆኑ ይገርማል።) በ10ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ዐረባዊው ተጓዥ ኢብን ሐውቀል ግን፣ የሐበሻን ንጉሥ ገድላ ለብዙ ዓመታት ስለ ገዛች ሴት ሲናገር አይሁዳዊት አይላትም። ሁለተኛው ምስክር ንጉሣችን ለኖባው ንጉሥ ለጊዮርጊስ የላከው መልእክት ነው፤ በእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በዚያ «የበኒ አልሐምውያ ንግሥት» ተብላለች። ክርክሩ ሁሉ በዚህች አንዲት የዐረብኛ ቃል ላይ ተንጠልጥሏል፤ አንዳንዶች «አልይሁድያ» ብለው ሲያርሟት፣ ኮንቲ ሮሲኒ «አልዳሙታ» ብሎ ንግሥቲቱን የዳሞት ሰው አደረጋት። እኔ ወደ ኋለኛው አዘነብላለሁ።

በተሳሳተ ንባብ ምክንያት ቤተ እስራኤል ባልሠሩት ሥራ ሲወቀሱ ኖረው ከሆነ፣ ታሪኩን ለተሳላሚ የምንተርክ ካህናት ዕዳው አለብን። መከራው የደረሰበት ንጉሥ እንኳ በመልእክቱ ምክንያት ያደረገው የንግሥቲቱን ዘር ሳይሆን፣ የገዛ ቤቱ በጳጳሱ ላይ የፈጸመውን በደል ነበር።