ከውጭ የሚያንኳኳ

ሰርቨር መሞቱን ራሱ አይናገርም። ውስጡ የተጫነ ፕሮግራም ዲስኩ መሙላቱን ወይም ፕሮሰሰሩ መጨናነቁን አስቀድሞ ያሳውቅ ይሆናል፤ መብራት ሲጠፋ ወይም መስመር ሲበጠስ ግን ነጋሪውም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ሌላ ከተማ፣ ብዙ ጊዜም ሌላ አገር የተቀመጠ ማሽን በየደቂቃው ወይም በየአምስት ደቂቃው በሩን ያንኳኳል። ቀላሉ ማንኳኳት በ1983 እ.ኤ.አ. የተጻፈው ፒንግ ነው፤ «አለህ?» ይላል፣ «አለሁ» የሚል መልስ ይጠብቃል። ችግሩ፣ ማሽኑ «አለሁ» እያለ ድረ ገጹ ሞቶ ሊገኝ መቻሉ ነው። ደህና ተቆጣጣሪ ስለዚህ ገጹን እንደ ደንበኛ ይከፍታል። «ሁሉም ደህና» የሚለው 200 ቁጥር ቢመጣለትም አያምንም፤ ዳታቤዙ የጠፋበት ባዶ ገጽም 200 ብሎ ሊመጣ ይችላልና። ገጹ ላይ የግድ መኖር ያለበትን አንድ ቃል፣ ለምሳሌ «ይግቡ» የሚለውን ቁልፍ፣ ይፈልጋል።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች በውስጥ መሣሪያቸው ይተማመናሉ ይባል ይሆናል። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ግን ፌስቡክ፣ ከነዋትስአፕና ኢንስታግራም፣ ስድስት ሰዓት ያህል ጠፋ። ሰርቨሮቹ እየሠሩ ነበር፤ በጥገና ላይ የተሰጠ የተሳሳተ ትዕዛዝ የዳታ ሴንተሮቹን ማገናኛ አቋረጠና ወደ ዲኤንኤሱ፣ የድረ ገጹን ስም ወደ አድራሻ ወደሚተረጉመው ማውጫ፣ የሚወስደው መንገድ ከኢንተርኔት ተነሳ። የመሐንዲሶቹ የውስጥ መሣሪያም አብሮ ወደቀ። ከውጭ ለሚያንኳኳ ግን ነገሩ ግልጽ ነበር፤ በሩ የለም።

ከሩቅ የሚያይ በከንቱ ያስደነግጣል የሚለው ወቀሳ እውነት አለው፤ መሃል ላይ ያለ መስመር ሲቆረጥም «ሞቷል» ይላልና። መድኃኒቱ ምስክር ማብዛት ነው። ፍራንክፈርት «አልከፈተልኝም» ሲል ሲንጋፖርና ቨርጂኒያ ይጠየቃሉ፤ ከተስማሙ ብቻ የባለሙያው ስልክ ይጮኻል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ይኸው አብላጫ ድምፅ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ አውሮፓ ያለ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ የአዲስ አበባ ድረ ገጽ በሦስቱም ምስክሮች ዘንድ ጤነኛ ነው፤ የሚከፍተው ደንበኛ ብቻ የለም። ደንበኛው አዲስ አበባ ከሆነ አንዱ ምስክር አዲስ አበባ መቀመጥ አለበት። «የእኛ መስመር በየቀኑ ስለሚንገጫገጭ ማንቂያው እንቅልፍ ይነሳል» ለሚል፣ የዚህኛው ምስክር ጩኸት ብቻውን ሲሆን መዝገብ ላይ ይጻፍ እንጂ ሌሊት ማንንም አይቀስቅስ። ባለሙያው ጠዋት ቢሮ ሲገባ፣ መስኮቱ ላይ «ሲስተም የለም» የተባለበትን ሰዓት ከዚያው ያነበዋል።