አክሱም ላይ አባት የሆነው አሬስ

የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሁሉ አርዮስፋጎስን ያውቃል፤ ጳውሎስ አቴና ሲደርስ ቆሞ ያስተማረበት ስፍራ ነው። የአሬስ ኮረብታ ማለት ነው። ግሪኮቹ እንደሚተርኩት የጦር አምላካቸው አሬስ ራሱ በነፍስ ግድያ ተከሶ ለፍርድ የቆመው እዚያ ነበር። የባሕሩ አምላክ የፖሰይዶን ልጅ የአሬስን ሴት ልጅ አልኪጴን ሊደፍር ሲል አባት ደርሶ ገደለው፤ አማልክቱም ዳኛ ሆነው ተቀምጠው ነጻ አወጡት። አሬስ ከሚነገርለት ታሪክ ሁሉ ክብሩ የተጠበቀበት ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የሚገርመው፣ በገዛ አገሩ የተናቀው የጦር አምላክ እኛ አገር በድንጋይ ላይ የነገሥታት አባት ተብሎ መቀረጹ ነው።

በትውልዱ የሚታማ አልነበረም። የአማልክቱ ንጉሥ ዜውስ በየሄደበት ከወለዳቸው ብዙ ልጆች መካከል አሬስ ከሕጋዊ ሚስቱ ከሄራ የተገኘ ነው። ያም ሆኖ አባቱ አይወደውም። በሆሜር ኢሊያድ ውስጥ ዲዮሜዲስ የተባለ ሟች ሰው፣ ሴት አምላክ የሆነችው አቴና አግዛው፣ አሬስን በጦር ይወጋዋል። የጦር አምላክ የዘጠኝ ወይም የአሥር ሺህ ሰራዊት ያህል ጮኾ ወደ አባቱ እየሮጠ ይሄዳል። ዜውስ ማጽናናቱን ትቶ ከአማልክት ሁሉ እንደ አንተ የምጠላው የለም፣ ይህ ክፉ ጠባይህም የእናትህ ነው ይለዋል። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ ደግሞ ልደቱን ከነአካቴው ያለ አባት ያደርገዋል። ዜውስ አቴናን ከራሱ ጭንቅላት ስለወለደ ሄራ ተናደደች፤ እኔስ ያለ ባል ብወልድ ምን ይለኛል ብላ የአበቦች አምላክ ወደሆነችው ፍሎራ ሄደች፤ ፍሎራም በአንዲት አበባ ነካቻት፤ ሄራ ፀነሰች። ደም አፍሳሹ አምላክ ከአበባ ተወለደ ማለት ነው።

ኢሊያድ ሌላም ውርደቱን ይነግረናል። ኦቶስና ኤፊያልቲስ የተባሉ ሁለት ግዙፍ ወንድማማቾች ይዘው አስረው በነሐስ ጋን ውስጥ 13 ወር አቆዩት። ለግሪኮቹ ከዓመት ያለፈ እስራት ነው፤ በእኛ ቆጠራ ግን ጳጉሜን ጨምሮ ልክ አንድ ዓመት።

ፍቅሩም እንደ ጦሩ ነው፤ ጀምሮ በውርደት የሚጨርሰው ነገር። የፍቅር አምላክ አፍሮዳይት የአንካሳው ባለእጅ የሄፋኢስቶስ ሚስት ነበረች። እንደኛው አገር ባለእጅ ሁሉ የሚሠራው ይፈለጋል፣ ሰውየው ግን ይናቃል። አሬስ ባል በሌለበት ቤቱ ይገባ ጀመር፤ ሁሉን የሚያየው ፀሐይ ደግሞ አይቶ ነገረበት። ሄፋኢስቶስ ዓይን የማያየው ቀጭን የብረት መረብ ሠርቶ አልጋው ላይ ዘረጋና መንገድ የሚሄድ መስሎ ወጣ። ሁለቱ እንደተቃቀፉ ተያዙ። ባልየው አማልክቱን ጠርቶ አሳያቸውና የከፈልኩት ጥሎሽ ይመለስልኝ አለ። ወንዶቹ አማልክት መጥተው ሳቁ፤ ሴቶቹ አፍረው ቤታቸው ቀሩ። በመጨረሻ ፖሰይዶን ለአሬስ ዋስ ሆነ፤ ካሳውን ባይከፍል እኔ እከፍላለሁ ብሎ አስፈታው። የግሪክ አማልክት ታሪክ ሽምግልና ይመስላል የምለው እንዲህ ያለውን ሳነብ ነው። ከዚህ ፍቅር ፎቦስና ዴይሞስ፣ ማለትም ፍርሃትና ሽብር፣ ከነሱም ጋር ሃርሞኒያ የተባለች ሴት ልጅ ተወለዱ። በ1877 እ.ኤ.አ. አሳፍ ሆል የማርስን ሁለት ጨረቃዎች ሲያገኝ ስማቸው ከሁለቱ ወንድማማቾች ተወሰደ።

ወደ እኛ የሚያደርሰን ግን ሌላው ፍቅሩ ነው። አሬስ ከንጋት አምላክ ከኤኦስ ጋርም ተኝቷል። ቦሌ አራብሳ የሚኖር ሰው ኤኦስን ስሟን ሳያውቅ በየቀኑ ያገኛታል፤ በከተማዋ ምሥራቅ ጫፍ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ወርዶ የመገናኛ ታክሲ ሲሰለፍ ሰማዩ የሚቀላው በሷ ነው። አፍሮዳይት ቀናችና ረገመቻት፦ ሟች ሰዎችን ስትወድ ኑሪ። ከተወደዱት አንዱ የትሮይ ልዑል ቲቶኖስ ነበር። ኤኦስ ዘላለማዊ ሕይወት ለመነችለት፤ ወጣትነትን ግን ረሳች፤ ሰውየው ሳይሞት አረጀ፣ አረጀ፣ ድምፅ ብቻ ቀረ። ከሁለቱ የተወለደው ሜምኖን ሲሆን፣ ሔሲዮድ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ይለዋል። ሜምኖን ትሮይን ሊረዳ ዘምቶ በአኪለስ እጅ ወደቀ፤ ኦቪድ እንደሚለው ጠዋት ሣር ላይ የምናየው ጤዛ የእናቱ እንባ ነው። እርግጥ የጥንት ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብና ከዚያም ወዲያ ያለውን ሰፊ አገር ነው፤ በዛሬ ድንበር አይለካም።

ሮማውያን አሬስን ማርስ ብለው ከግሪኮቹ ይልቅ አከበሩት፤ የሮሙሎስና የሬሙስ አባት አደረጉት። አክሱማውያንም አባትነቱን ወስደዋል፤ የሚያሳፍረውን ታሪኩን ግን በጽሑፋቸው አናገኘውም። በአራተኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. ንጉሥ ኢዛና በአክሱም ያቆመው ጽሑፍ በግሪክኛ፣ በግዕዝና በሳባ ፊደል በተጻፈ ግዕዝ ነው። በግዕዙ ንጉሡ የማይሸነፈው የማሕረም ልጅ ነው፤ ማሕረም የነገሥታቱ የጦር አምላክ ነበር። በግሪክኛው፣ በቀይ ባሕር ለሚመጣው ነጋዴና መልእክተኛ እንዲገባ፣ የማሕረምን ቦታ አሬስ ይይዛል። ኢዛና በዚያው ጽሑፍ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ የሚለውን ማዕርግም ይጠቅሳል። ወንድሞቹን ሳይዛናንና አዴፋን ልኮ ቤጃዎችን ካስገበረ በኋላ ለወለደው ለአሬስ ምስጋና አንድ የወርቅ፣ አንድ የብር፣ ሦስት የነሐስ ምስል አቆመ። እንዲህ ያሉ ምስሎች ትንንሽ አልነበሩም፤ በ1906 እ.ኤ.አ. አክሱምን ያጠኑት ጀርመኖች ባገኙት አንድ የምስል መቆሚያ ድንጋይ ላይ የእግሩ ማረፊያ 92 ሴንቲሜትር ይረዝማል።

ኢዛናም የመጀመሪያው አልነበረም። በስድስተኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ ከአንድ የድንጋይ ዙፋን የገለበጠው ጽሑፍ ቀድሞ የነበረ ንጉሥ ድሉን ሁሉ ለወለደው ለአሬስ ሲሰጥ ያሳያል። ንጉሡ እዚያው ወደብ ላይ ለዜውስ፣ ለአሬስ፣ ለባሕር ተጓዦችም ደኅንነት ለፖሰይዶን መሥዋዕት አቅርቧል። ጥሎሹ ይመለስ በተባለ ጊዜ ዋስ የሆነው ፖሰይዶን መሆኑ ነው።

ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ በሳንቲሙ ላይ የነበሩት ግማሽ ጨረቃና ክብ ወጥተው መስቀል ገባ። ሌላ የግሪክኛ ጽሑፍም አስቀረጸ፤ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ኃይል የሚጀምር። በዚህኛው ንጉሡ የክርስቶስ አገልጋይ ነው፤ አባቱም እለ አሜዳ የተባለ ሰው።