እውነት ወይስ ተረት? «ዓሣ ዓሣ ካልበላ አያድግም»

ዓሣ የሚያረባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስጨንቀው መኖ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከጠቅላላ ወጪው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለመኖ ይወጣል፤ ከመኖውም ኪስ የሚያራቁተው የፕሮቲኑ ድርሻ ነው። የዚህ ፕሮቲን ዋና ምንጭ ለረጅም ዘመን የዓሣ ዱቄት ነበር። ትናንሽ የባሕር ዓሦች ይቀቀላሉ፣ ዘይታቸው ይጨመቃል፣ የቀረው ደርቆ ይፈጫል። የሚገኘው ቡናማ ዱቄት ከመቶው ከ60 እስከ 70 እጁ ፕሮቲን ነው። አንድ ኪሎ ለማግኘት ግን ከ4 እስከ 5 ኪሎ ጥሬ ዓሣ ይፈጃል።

እ.ኤ.አ. በ2022 በእርባታ የተገኘው ዓሣና ሌላ የውሃ እንስሳ ከባሕርና ከሐይቅ ከተጠመደው ለመጀመሪያ ጊዜ በልጧል። የዓሣ ዱቄት ምርት ግን በዓመት 5 ሚሊዮን ቶን ገደማ ላይ ተወስኖ ቀርቷል። እርባታው እንዲህ የሰፋው በአመዛኙ ዱቄቱ በእፅዋት ፕሮቲን እየተተካ ስለሄደ ነው። ስለ መተካቱ ብዙ ይወራል። ከሚወራው ውስጥ ፈጽሞ ስሕተት የሆነ አለ፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ግማሽ እውነት ይዞ የሚዞረው ነው፤ አርቢውን ለኪሳራ የሚዳርገው እሱ ነውና።

«ዓሣ ዓሣ ካልበላ አያድግም»

ተረት ነው፤ ማስረጃውም ሩቅ አይደለም። በሐዋሳ፣ በዝዋይና በጣና ሐይቆች የሚኖረው ቆሮሶ በዋናነት የሚመገበው በውሃው ውስጥ የሚበቅለውን ደቃቅ አልጌ ነው። ጨጓራው ኃይለኛ አሲድ አመንጭቶ የአልጌውን ሽፋን ይሰብራል። አንጀቱም ተጠቅልሎ ሆዱ ውስጥ ተቀመጠ እንጂ ቢዘረጋ ከዓሣው ርዝመት ብዙ እጥፍ ይሆናል። እፅዋት ለመፍጨት የተሠራ ዓሣ ነው። በአፍሪካ በዓሣ እርባታ ቀዳሚ የሆነችው ግብጽ ቆሮሶዋን የምታሳድገው በአብዛኛው በአኩሪ አተር ፋጉሎና በበቆሎ ነው።

«እሺ፣ ቆሮሶስ ይሁን፤ ሥጋ በሉ ሳልሞንስ?» ይባላል። የኖርዌይ ታሪክ መልሱን ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1990 የኖርዌይ ሳልሞን ከሚበላው መኖ ከመቶ 90 ያህሉ ከባሕር የተገኘ የዓሣ ዱቄትና የዓሣ ዘይት ነበር። በ2013 ይህ ድርሻ ወደ 30፣ በ2020 ደግሞ ወደ 22 ወረደ። በእነዚህ ዓመታት የአገሪቱ የሳልሞን ምርት ብዙ እጥፍ አደገ።

ይህ ሊሆን የቻለው «ሥጋ በል» የሚለው ስም የሚገልጸው ዓሣው በዱር ምን አድኖ እንደሚኖር ብቻ ስለሆነ ነው። የዓሣ አካል የሚፈልገው ራሱ መሥራት የማይችላቸውን 10 አሚኖ አሲዶች፣ የተወሰኑ የቅባት ዓይነቶችን፣ ማዕድናትንና ቫይታሚኖችን ነው። እነዚህ በሚገባው መጠንና ሊፈጩ በሚችሉበት መልክ ከቀረቡለት ከየት እንደመጡ አይጠይቅም። በገበታችን የምናውቀው ነገር ነው። የጤፍ ፕሮቲን ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ የሽምብራና የአተር ፕሮቲን ደግሞ ላይሲን ሞልቶት ሜታዮኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ይጎድለዋል። ሽሮ በእንጀራ ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። በዓሣ መኖም የአኩሪ አተር ጉድለት ሜታዮኒን ሲሆን የኑግ ፋጉሎ ጉድለት ላይሲን ነው። ሁለቱን አስልቶ የቀላቀለ ሰው አንዱን ብቻ ከሰጠው የተሻለ ውጤት ያገኛል።

«ፕሮቲን ፕሮቲን ነው፤ ቁጥሩ ከሞላ ምንጩ ለውጥ የለውም»

ይህ የመጀመሪያው ተረት ግልባጭ ነው፤ ጉዳቱ ግን ይብሳል። የዓሣ ዱቄትን አውጥቶ በእኩል ፕሮቲን የተሰላ ጥሬ አኩሪ አተር የሚያስገባ አርቢ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የማያድግ ዓሣ ያያል።

እፅዋት መሸሽ ስለማይችሉ ራሳቸውን የሚከላከሉት በኬሚካል ነው። ጓያ የሚበላበት አገር ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። አኩሪ አተር የፕሮቲን መፍጫ የሆነውን ትሪፕሲንን የሚያግድ ንጥረ ነገር አለው። ይህን ሙቀት ያጠፋዋል፤ ስለዚህ አኩሪ አተር ሳይበስል ለዓሣ አይሰጥም። ሙቀቱ ሲበዛ ደግሞ ላይሲኑ ይበላሻል፤ መጠኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ሙቀት የማያጠፋው ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኖርዌይ ተመራማሪዎች የተለመደውን የአኩሪ አተር ፋጉሎ የበሉ ሳልሞኖች የአንጀታቸው የኋለኛ ክፍል እንደሚቆጣና እንደሚያብጥ አስተዋሉ። ዋናው ተጠርጣሪ ሳፖኒን ነበር፤ አኩሪ አተር ሲቀቀል አረፋ የሚያወጣው እሱ ነው። መፍትሔ የሆነው ፋጉሎውን በአልኮል አጥቦ ሳፖኒኑንና የማይፈጨውን ስኳር ማውጣት ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የተጣራ የአኩሪ አተር ፕሮቲን ከመቶው 65 ያህል ፕሮቲን ይይዛል። ዛሬ በሳልሞን መኖ ውስጥ ዋነኛው የእፅዋት ፕሮቲን ይኸው ነው። ስለዚህ «ሳልሞን አኩሪ አተር ይበላል» ሲባል ከገበያ የሚገዛው ፋጉሎ እንዳይመስለን፤ በፋብሪካ ብዙ ሥራ የፈሰሰበት ነገር ነው። ቆሮሶ በዚህ ረገድ ታጋሽ ነው፤ በደንብ የበሰለ ተራ ፋጉሎ ያለ ችግር ይቀበላል።

ሌላው ፎስፈረስ ነው። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ካለው ፎስፈረስ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ፋይቴት በሚባል ውሕድ ታስሯል። ዓሣ ይህን እስር የሚፈታ ኢንዛይም በአካሉ የለውም። ፎስፈረሱ አጥንት ከመገንባት ይልቅ ሳይፈጭ አልፎ ወደ ኩሬው ይገባል፤ ውሃው በአልጌ ይታፈናል፤ ሌሊት ኦክስጅን ያልቃል። ንጋት ላይ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር የሚምጉ ዓሦች ካዩ አንዱ ሊታሰብ የሚገባው ምክንያት ይህ ነው። ፋይቴዝ የተባለው ኢንዛይም በመኖው ላይ ሲጨመር እስሩን ይፈታል።

የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ጎሲፖል አለው። ላም በጨጓራዋ ክፍሎች መርዙን ስለምታለዝበው ትቋቋመዋለች፤ አንድ ጨጓራ ብቻ ያለው ዓሣ ግን ከትንሽ መጠን ሲያልፍ ይጎዳል። ለከብት የተስማማ ፋጉሎ ሁሉ ለዓሣ ይስማማል ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል። በጃፓን ደግሞ የሎውቴይል የሚባለው የባሕር ዓሣ ያለ ዓሣ ዱቄት ሲመገብ ጉበቱ አረንጓዴ መሆን ጀመረ። የጎደለው ታውሪን የተባለ ንጥረ ነገር ነበር፤ በእፅዋት ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ታውሪኑ በመኖው ሲጨመር ችግሩ ተወገደ።

«በእህል ያደገ ዓሣ ኦሜጋ 3 የለውም»

ግማሽ እውነት፤ ስሕተቱ የሚጀምረው ዱቄቱንና ዘይቱን አንድ አድርጎ ከማየት ነው። ለልብና ለአእምሮ ይጠቅማሉ የሚባሉት ረጃጅም ኦሜጋ 3 ቅባቶች በብዛት ያሉት በዓሣ ዘይት ውስጥ ነው። ዱቄቱን በአኩሪ አተር ተክቶ ዘይቱን መተው ይቻላል። ቅባቱን በእርግጥ የሚቀንሰው የዓሣ ዘይት በጎመን ዘር ዘይት ሲተካ ነው። በስኮትላንድ ሳልሞን ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2015 ባለው ጊዜ የእነዚህ ቅባቶች መጠን በግማሽ ገደማ መውረዱን አሳይቷል። ቢወርድም ከብዙ ሌሎች ዓሦች የበለጠ ነው። ደግሞም ዓሣ ይህን ቅባት በአመዛኙ ከአልጌ ነው የሚያገኘው፤ በምግብ ሰንሰለቱ እየተላለፈ ይደርሰዋል። ዛሬ በጋን ውስጥ ከሚበቅል አልጌ በቀጥታ የተጨመቀ ዘይት በመኖ ውስጥ እየገባ ነው።

«የዓሣ ዱቄት ከባሕር የሚታፈስ፣ የማያልቅ ሀብት ነው»

ፔሩ ይህን በከባድ ዋጋ ተምራለች። የዓለም የዓሣ ዱቄት ትልቁ ምንጭ በፔሩ የባሕር ዳርቻ የሚኖረው አንቾቬታ የተባለ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ዓሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ ተጠመደ። በ1972 ኤልኒኞ መጣ፤ ባሕሩ ሞቀ፤ ለዓሣው ምግብ የሚያመጣው ቀዝቃዛ ውሃ ከታች መውጣቱን አቆመ። ከልክ በላይ ሲጠመድ የቆየው አንቾቬታ መቋቋም አቃተው፤ በ1973 የተጠመደው ከ3 ሚሊዮን ቶን በታች ነበር። የዓለም መኖ አምራቾች ወደ አኩሪ አተር ተሻሙ፤ ዋጋው ጣሪያ ነካ፤ በሰኔ 1973 አሜሪካ የአኩሪ አተር ወጪ ንግድ አገደች። የአሜሪካን አኩሪ አተር የምትጠብቀው ጃፓን ደነገጠችና ዓይኗን ወደ ብራዚል አዞረች፤ በሴራዶ ሜዳዎች ለሚስፋፋው እርሻም ገንዘብ አፈሰሰች። አንድ ትንሽ ዓሣ ጠፋ ተብሎ የሌላ አህጉር መልክአ ምድር ተለወጠ። በ2023ም ኤልኒኞ ሲመለስ ፔሩ የዓመቱን የመጀመሪያ የማጥመጃ ወቅት በዋናው የባሕር ክልሏ ሰርዛለች።

ከዚህም ይልቅ የሚያሳዝነኝ የምዕራብ አፍሪካው ነው። በሴኔጋል፣ በጋምቢያና በሞሪታኒያ ዳርቻ ሳርዲኔላ የሚባለው ዓሣ የድሃው ሰው ፕሮቲን ነበር፤ ሴቶች አጭሰውና አድርቀው እየሸጡ ቤተሰብ ያስተዳድሩበታል። የዱቄት ፋብሪካዎች ሲመጡ ያንኑ ዓሣ ከእነዚህ ሴቶች ጋር ተሻሙ፤ ሰው ይበላው የነበረው ተፈጭቶ በመርከብ ወደ ሌላ አገር ኩሬ ይሄዳል። በቪክቶሪያ ሐይቅም ታንዛኒያውያን ዳጋ፣ ኬንያውያን ኦሜና የሚሉት ትንሽ ዓሣ በሰው ማዕድና በመኖ ፋብሪካ መካከል ተከፍሏል። እዚህ ላይ ሚዛን መጠበቅ ይገባል። የዓሣ ዱቄት ሁሉ እንዲህ አይመጣም፤ ከዓለም ምርት ሲሶ ያህሉ ከዓሣ ማቀነባበሪያ ከሚወጣ ጭንቅላት፣ አጥንትና ሆድ ዕቃ የሚሠራ ነው። በየሐይቆቻችን ዳር ሥጋው ተገፎ የሚጣለውም ተረፈ ምርት በንጽሕና ቢያዝ፣ ቢቀቀልና ቢደርቅ ለዓሣ ጫጩቶች መኖ ይሆናል። ሕይወታቸውን ገና የጀመሩ ጫጩቶች ከትልልቆቹ የበለጠ ፕሮቲን ስለሚፈልጉ ካለው ጥቂት ዱቄት ቅድሚያ ለእነሱ መስጠት ያዋጣል።

«ከእፅዋት ከሆነ ተፈጥሮን አይጎዳም»

ተረት። ወደ ኖርዌይ የሚሄደው አኩሪ አተር በብዛት የብራዚል ነው፤ በብራዚል ደግሞ ለአኩሪ አተር እርሻ ደንና የሴራዶ ሣር ምድር ተመንጥሯል። ከዓለም አኩሪ አተር የሚበዛውን የሚበሉት ዶሮና አሳማ ናቸው፤ የዓሣ ድርሻ ትንሽ ነው። ትንሽ መሆኑ ግን ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ከመጠየቅ ነጻ አያደርግም።

«እኛ ጋ ፋጉሎ ሞልቷል፤ ጨርሰናል ማለት ነው»

መሙላቱ እውነት ነው። የኑግ፣ የተልባ፣ የጥጥ ፍሬና የለውዝ ፋጉሎ አለን፤ ፉርሽካ አለን፤ በፓዊና በጅማ አካባቢ አኩሪ አተር ይመረታል። ከውጭ የዓሣ ዱቄት በዶላር ለመግዛት መሯሯጥ ለቆሮሶ አርቢ አስፈላጊ አይደለም፤ ይህን ሳላመነታ እናገራለሁ።

የሚያሰጋኝ ሻጋታው ነው። በእርጥበት የተከማቸ ፋጉሎ ላይ የሚያድገው ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ ጉበት የሚያጠቃ መርዝ ያመነጫል። በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚገኙ የወተት ላሞች መኖ ላይ በተደረገ ጥናት የዚህ መርዝ ዋና ምንጭ ሆኖ የተገኘው የኑግ ፋጉሎ ነው። ዓሣም ከዚህ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ ማርቢያዎች በሺህ የሚቆጠሩ ትራውት ዓሦች የጉበት ካንሰር ይዟቸው ተገኙ፤ ሲመረመር የበሉት የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ አፍላቶክሲን ነበረበት። መርዙ በማፍላትም ሆነ በፀሐይ በማድረቅ አይጠፋም።

ስለዚህ ፋጉሎ ሊጭኑ ሲሄዱ ከመሐል አንዱን ሰብረው ውስጡን ይዩ፤ ያሽትቱት። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ካለበት፣ የምድር ቤት ሽታ ከሸተተ፣ ዋጋው ግማሽ ቢሆንም ይተዉት። ቤት ሲያደርሱት ከወለሉ ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ዝናብ በማያገኘው ቦታ ያኑሩት፤ በክረምት ከአንድ ወር ፍጆታ በላይ አያከማቹ። የመኖ ቅልቅሉ ስሌት ከከበደዎ ሰበታ የሚገኘውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ወይም የወረዳዎን የእንስሳት ሀብት ባለሙያ ይጠይቁ፤ ሲሄዱም ከፋጉሎው ናሙና ይዘው ይሂዱ።