ለአሮጌ ማዘርቦርድ አዲስ ፕሮሰሰር፦ በፈርምዌር ማሻሻል ላይ የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት



ከአምቦ ወደ ነቀምቴ ስንጓዝ ጌዶን አልፈን በምናገኛት በእጃጂ፣ በአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ከጥቂት ዓመታት በፊት ካጋጠመኝ ልጀምር። ኮምፒውተሮቹ 775 የመገናኛ ነጥብ ባለው ሶኬት የሚሠሩ፣ ባለ ሁለት ኮር ነበሩ። አዲስ ለመግዛት በጀት አልነበረም። እኛም እ.ኤ.አ. በ2007 ለሰርቨር የተሠራውን ባለ አራት ኮር ዜዮን ኢ5450 ልንገጥምባቸው አሰብን።

ይህ ፕሮሰሰር የተሠራው ባለ 771 ነጥብ ለሆነ ሶኬት ነው። ሁለት ነጥቦችን የሚያቀያይር ስስ ተለጣፊ ይደረግበታል፤ የሶኬቱም ማቆሚያ ጥርሶች ይቆረጣሉ። ይህ ቀላሉ ክፍል ነው።

ከባዱ ባዮስ ነው። ኮምፒውተር ሲበራ ባዮስ የፕሮሰሰሩን መለያ ቁጥር ያነብና ለዚያ ቁጥር የተዘጋጀውን ማይክሮኮድ ይጭንለታል። ማይክሮኮድ የፕሮሰሰሩን የውስጥ ስሕተቶች የሚያርም የአምራቹ ማስተካከያ ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ ስለሚጠፋ በበራ ቁጥር እንደገና ይጫናል። ተስማሚው ካልተገኘ አንዳንዱ ማዘርቦርድ ጭራሹን አይነሳም፤ ሌላው ይነሳና ሥራው አስተማማኝ አይሆንም። ልብ በሉ፣ ማይክሮኮድ እኛ የምንጽፈው ነገር አይደለም፤ የተመሰጠረና በአምራቹ የተፈረመ ነው። የእኛ ድርሻ ትክክለኛውን ቅጂ አግኝቶ በባዮስ ፋይል ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው። ቦታ ከጠበበ የማንጠቀምባቸውን የቆዩ ፕሮሰሰሮች ማይክሮኮድ እናወጣለን።

የተሻሻለውን ባዮስ ወደ ቺፑ እየጻፍን ሳለ መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩ ከዚያ በኋላ ስክሪን እንኳ አላሳየም። ዩፒኤስ ሳላዘጋጅ፣ የቀድሞውንም ባዮስ ቅጂ ሳላስቀምጥ መጀመሬ የራሴ ጥፋት ነበር፤ ለዚያውም ይህንኑ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምናገር ሰው ነኝ። ደግነቱ ቺፑ ከሶኬቱ የሚነቀል ነበር። ከጎኑ ካለው ተመሳሳይ ኮምፒውተር ያነበብነውን ባዮስ ሲኤች341ኤ በተባለች ርካሽ መጻፊያ ጻፍንበት፤ ተነሣ።

የተኳኋኝነት ድንበር ሁልጊዜ የተፈጥሮ ግድግዳ አይደለም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2017 ስምንተኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹን ሲያወጣ የሶኬቱን ቅርጽ ሳይለውጥ አዲስ ማዘርቦርድ ግዙ አለ፤ ባለሙያዎች ግን ፈርምዌሩን ቀይረው በቀድሞዎቹ ላይ አስነሷቸው። ኤኤምዲም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 የባዮስ ቺፕ ቦታ እጥረትን ጠቅሶ ባለ 400 ተከታታይ ማዘርቦርዶች ቀጣዩን ትውልድ አይደግፉም ካለ በኋላ፣ ተጠቃሚዎች ሲቃወሙ በዚያው ወር ሐሳቡን ለውጧል።

ሶፍትዌር የማይሻገረው ወሰንም አለ። የማዘርቦርዱ የኃይል ማስተካከያ ክፍል ለ65 ዋት ብቻ ከተሠራ፣ 80 ዋት የሚፈልገውን ኢ5450ን አይሸከምም። በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ደግሞ የባዮሱ ፊርማ ገና ሲበራ ይመረመራል፤ የማረጋገጫው መለያ በፋብሪካ በማይሻር ፊውዝ ስለተቀረጸ፣ የተነካ ባዮስ የተጻፈበት ላፕቶፕ አይነሳም።