ሱዶዋየር፦ የድሮ መስመርን በፓኬት ኔትወርክ ማሳለፍ

ሱዶዋየር በፓኬት ኔትወርክ ላይ የሚዘረጋ ሽቦ መሰል መስመር ነው። በሁለቱ ጫፍ የተቀመጡት አሮጌ የቴሌኮም መሣሪያዎች በመካከላቸው ለእነሱ ብቻ የተሰጠ ቋሚ ሽቦ ያለ ይመስላቸዋል። መረጃቸው ግን ፓኬት ወደሚባሉ ጥቅሎች ተቆራርጦ፣ ከኢንተርኔቱና ከቪዲዮው ጋር ተቀላቅሎ በፋይበርና በማይክሮዌቭ ይጓዛል፤ መድረሻው ላይም እንደገና ተገጣጥሞ እንደቀድሞው ይወጣል።

አስፈላጊነቱ የሚገባው የአሮጌው መስመር ጠባይ ሲታወቅ ነው። ኢ-ዋን የሚባለው የተለመደው ዲጂታል መስመር በሰከንድ 2.048 ሜጋቢት ያስተላልፋል። ይህ አቅም ለ32 ቻናሎች የተከፋፈለ ሲሆን ለእያንዳንዱ 64 ኪሎቢት ይደርሰዋል። አንደኛው ቻናል ለማመሳሰያ ይውላል፤ ሌላው ብዙውን ጊዜ ለጥሪ መቆጣጠሪያ ይሰጣል፤ የቀሩት 30 ድምፅ ይሸከማሉ። ተራው በየ125 ማይክሮሰከንዱ ከሁሉም ዘንድ ይደርሳል፤ ተናጋሪ ኖረም አልኖረም አይቋረጥም። ኢ-ዋን በሰዓቱ የሚነሳ አውቶቡስ ነው፤ ወንበሩ ባዶ ቢሆንም ይሄዳል። ፓኬት ደግሞ ጭነት ሲያገኝ ብቻ የሚነሳ፣ መንገድ ላይም ሊዘገይ የሚችል ሚኒባስ ነው። የሱዶዋየር ሥራ የአውቶቡሱን ተሳፋሪ በሚኒባስ ጭኖ በአውቶቡሱ ሰዓት ማድረስ ነው።

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው የመጀመሪያው ረጅም መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ከዚያ ወዲህ ሽቦው በማይክሮዌቭ፣ የእጅ ማዞሪያው በአውቶማቲክ ስዊች ቢተካም፣ ለአንድ ጥሪ አንድ መስመር የመያዙ ሥርዓት ለመቶ ዓመት ያህል ዘልቋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ሥራ የጀመረው የሞባይል አገልግሎትም ከዚህ አልወጣም። የ2ጂ ማማዎች ከመቆጣጠሪያቸው ጋር እንዲነጋገሩ የተሠሩት በኢ-ዋን ነበርና። 3ጂና 4ጂ ሲመጡ ግን የትራፊኩ አብላጫ ፓኬት ሆነ። ለጥቂት አሮጌ መሣሪያዎች ሲባል ሁለት ኔትወርክ ጎን ለጎን ማቆየት፣ ሁለት ዓይነት መለዋወጫና ሁለት ዓይነት ባለሙያ መያዝ ማለት ነው።

ችግሩን በሆሳዕና ዙሪያ አስቦ መረዳት ይቻላል። ከተማዋ የሀዲያ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል አስተዳደር መቀመጫ ናት። ከእሷ ወዲያ የከምባታዎቹ ዱራሜ፣ ዶዮገና፣ አንጋጫና ሺንሺቾ፣ የሀዲያዎቹ ሾኔና ሆመቾ አሉ። አገሩ ደጋና ወይና ደጋ፣ ተራራና ሸለቆ ነው፤ የከምባታው ሐምበሪቾ ተራራ ብቻ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። እንዲህ ባለ ምድር ፋይበር በየማማው ማድረስ ጊዜ ይፈጃል፤ ስለዚህ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ የሚዘል የማይክሮዌቭ መስመር ሥራው አያልቅም። ዶዮገና አጠገብ አንድ ማማ አለ እንበል። ማማው ኢ-ዋን ብቻ የሚያውቅ የ2ጂ መሣሪያና ፓኬት ብቻ የሚያውቅ የ4ጂ መሣሪያ ተሸክሟል፤ ወደ ሆሳዕና የሚወስደው መንገድ ግን አንድ ነው።

እዚህ ላይ ሱዶዋየሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ማማው ሥር ያለው ራውተር ኢ-ዋኑን በገመድ ይቀበላል። የሚመጡትን ቢቶች ሳይመርጥ እየቆጠረ 256 ባይት ሲሞላ አንድ ፓኬት ያደርጋቸዋል፤ ይህም የ1 ሚሊሰከንድ ጭነት ስለሆነ በየሰከንዱ 1,000 ፓኬት ይወጣል። በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ የተራ ቁጥር የያዘ ባለ 4 ባይት መቆጣጠሪያ ይጨመራል። ከዚያ ሁለት መለያዎች ይደረባሉ። የውስጠኛው ፓኬቱ የየትኛው ኢ-ዋን እንደሆነ ይናገራል፤ የውጪኛው እስከ ሆሳዕናው ራውተር የሚወስደውን መንገድ ያመለክታል። በመካከል ያሉት ራውተሮች የውጪኛውን ብቻ እያዩ ያሳልፉታል፤ ስልክ ይሁን ፊልም አይጠይቁም። መለያ እያነበቡ የማሳለፉ ዘዴ ኤምፒኤልኤስ ይባላል፤ መሠረታዊ ሰነዱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። የሱዶዋየርን አጠቃላይ ንድፍ ደግሞ የኢንተርኔት ደረጃዎችን የሚያወጣው አይኢቲኤፍ እ.ኤ.አ. በ2005 በአርኤፍሲ 3985 አሳትሞታል። ከዚያ በፊት ሉካ ማርቲኒ ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጃቸው ረቂቆች በሥራ ላይ ውለው ስለነበር፣ የቆዩ መሐንዲሶች ዛሬም «ማርቲኒ» ሲሉ ይሰማሉ።

ነገሩ በነፃ አይገኝም። መለያዎቹ፣ መቆጣጠሪያውና ፓኬቱ የሚጓዝበት የኢተርኔት መስመር ራስጌና ክፍተት ሲደመሩ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ 50 ባይት ይጨምራሉ። ስለዚህ 2.048 ሜጋቢት የነበረው መስመር በፓኬቱ መንገድ ላይ 2.45 ሜጋቢት ያህል ይይዛል፤ ሌሊት ማንም በማይደውልበት ሰዓትም ያው ነው። ኢ-ዋኑን ሳይከፍቱ በጅምላ የሚያሳልፈው ይህ ዓይነት ሳቶፕ ይባላል። የሚሠሩት ስድስት ቻናሎች ብቻ ከሆኑ እነሱን ብቻ ነቅሶ የሚወስድ ሌላ ዓይነት አለ። በየ1 ሚሊሰከንዱ ከተላኩ ጭነቱ 48 ባይት ብቻ ስለሚሆን ተጨማሪው ከዋናው ይበልጣል፤ ቢሆንም ጠቅላላው 784 ኪሎቢት ነው። በየ4 ሚሊሰከንዱ ከተላኩ ወደ 484 ኪሎቢት ይወርዳል፤ በምትኩ ሦስት ሚሊሰከንድ መዘግየት ይጨመራል።

ቢቶቹን ማድረስ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ሰዓትን ማድረስ ነው፤ አብዛኛው የሱዶዋየር ብልሽትም የሚመጣው ከዚህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሮጌው መስመር ቢቶችን ብቻ ሳይሆን ምታቸውንም ያመጣ ነበር፤ የሩቁ መሣሪያ ከሽቦው የሚሰማውን ምት እየተከተለ ይሄዳል። ፓኬት ይህን ምት ያጠፋዋል። አንዱ ፈጥኖ ሌላው ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ ተቀባዩ ራውተር ፓኬቶቹን በማቆያ ይዞ ባልተዛባ ፍጥነት ይለቃቸዋል። የሚለቅበት ፍጥነት ከላኪው ፍጥነት ከሚሊዮን አንድ እጅ ብቻ ቢለይ፣ 4 ሚሊሰከንድ መወላወያ ያለው ማቆያ ከ67 ደቂቃ ገደማ በኋላ ይሞላል ወይም ባዶ ይቀራል፤ ያኔ ቢቶች ይጠፋሉ። የ2ጂ ማማ ደግሞ ከዚህም የጠበቀ ይፈልጋል፤ የሬዲዮ ሞገዱ ከቢሊዮን 50 እጅ በላይ መሳት የለበትም። ከሳተ ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ በሚሄድ መኪና ውስጥ ያለ ስልክ ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው ሲሻገር ጥሪው ሊቋረጥ ይችላል።

መፍትሔዎቹ ብዙ ናቸው፤ በዋጋና በአስተማማኝነት ግን ይለያያሉ። ርካሹ ከፓኬቶቹ አመጣጥ አማካይ እየወሰዱ የላኪውን ፍጥነት መገመት ነው። ይህ መንገዱ ጭር ሲል ጥሩ ይሠራል፤ ሲጨናነቅ ይሳሳታል። ለሀዲያው የዘመን መለወጫ ለያሆዴ ወይም ለመስቀል በደቡብ አፍሪካ ያሉ የአካባቢው ልጆች በቪዲዮ ወደየቤታቸው የሚደውሉበት ሰሞን ለእንዲህ ያለ ግምት መጥፎ ሰሞን ነው። የተሻለው ሰዓቱን ራሱን ማስተላለፍ ነው፦ ወይ በኢተርኔት መስመሩ ምት (ሲንክ-ኢ)፣ ወይ አይትሪፕልኢ 1588 በተባለው የሰዓት ፕሮቶኮል፣ ወይም ማማው ላይ የጂፒኤስ መቀበያ በመትከል። የትኛውም ቢመረጥ የሱዶዋየሩ ፓኬቶች በየራውተሩ ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል። በክረምት ይህ እጥፍ ያስፈልጋል፤ ዘመናዊ ማይክሮዌቭ ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ላለመቋረጥ ሲል ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በጠበበው መንገድ መጀመሪያ ማን እንደሚያልፍ አስቀድሞ ካልተወሰነ ኢ-ዋኑ ከፊልም ጋር ተጋፍቶ ይወድቃል።

ብልሽት ማስታወቅም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እውነተኛ ሽቦ ሲበጠስ ሁለቱም ጫፍ ወዲያው ያውቃሉ፤ ሱዶዋየር ግን መሐል ላይ ቢበጠስም ገመዱ ከራውተሩ ጋር እንደተሰካ ነው። ስለዚህ የማማው ወገን ኢ-ዋን ሲሞት ራውተሩ በመቆጣጠሪያው ላይ ምልክት ያደርጋል፤ የሆሳዕናው ራውተርም በእውነተኛ መስመር ላይ የሚላከውን የብልሽት ምልክት አስመስሎ ለመሣሪያው ይልካል። ፓኬት ሲጠፋም ጊዜው እንዳይዛነፍ በምትኩ መሙያ ቢቶች ይገባሉ። መስመሩ በሕይወት መኖሩን በየጊዜው የሚፈትሽ ዘዴም እ.ኤ.አ. በ2007 ተደንግጓል።

ኢ-ዋንን ማሳለፍ የሱዶዋየር ዝነኛ ሥራ ቢሆንም ብቸኛው አይደለም። ፍሬም ሪሌይና ኤቲኤም የሚባሉት የቀድሞ የዳታ አገልግሎቶችም የየራሳቸው ደንብ ወጥቶላቸዋል። በብዛት የሚሠራበት ግን ኢተርኔትን ማሳለፍ ነው። የሾኔ የባንክ ቅርንጫፍ ስዊች ከዋናው መሥሪያ ቤት ስዊች ጋር በአንድ ገመድ የተሳሰረ እንዲመስል የሚያደርገው ይኸው ዘዴ ነው፤ ኢተርኔት የሩቁን ጫፍ ምት መከተል ስለማያስፈልገው የሰዓቱ ጣጣ የለበትም። የ2ጂው መሣሪያ ከማማው ሲነሳ ኢ-ዋን የሚሸከመው ሱዶዋየር አብሮት ይዘጋል። ኢተርኔት የሚሸከመው ግን ይቆያል፤ ከጊዜ ወደ ጊዜም ኢቪፒኤን ወደተባለው አዲስ ሥርዓት እየተዛወረ ነው፤ በዚህ ሥርዓት ሁለት ጫፎችን ብቻ ለሚያገናኝ መስመር የሚያገለግለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቷል።