የእናትዎን የመድኃኒት ፌስታል ከፍተው ያውቃሉ?

እኔ የእናቴን የከፈትኩት መታጠቢያ ቤት በር ላይ አዙሯት ከወደቀች በኋላ ነው። ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ለስኳር ግሊቤንክላማይድ፣ ለጉልበቷ ከጎረቤት የተቀበለችው ዲክሎፌናክ፣ እህቴ ከአሜሪካ የላከችላት የእንቅልፍ ኪኒን፤ ሁሉም አንድ ላይ!

ዕድሜ ሲገፋ ኩላሊትና ጉበት መድኃኒትን የማስወገድ አቅማቸው ይቀንሳል። በ40 ዓመት የተስማማ መጠን በ75 ሊበዛ ይችላል። ዲክሎፌናክ ከእነዚያ ሁለት የግፊት መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ግሊቤንክላማይድ ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ስኳርን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርድ ይችላል። የእንቅልፍ ኪኒን ደግሞ ሌሊት ሲነሱ ያንገዳግዳል። እኛ ግን ማዞሩንም መርሳቱንም “እርጅና ነው” ብለን እናልፈዋለን።

ምን ያድርጉ? በቀጣዩ ቀጠሮ ፌስታሉን እንዳለ ይዘው ይሂዱ፤ የባህል መድኃኒት ካለም ይጨምሩበት። “ይሄ ለምንድን ነው? አሁንም ያስፈልጋታል?” ብለው ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ይጠይቁ። የምትጾም ከሆነም ይንገሩ። በራስዎ ግን አያስቁሟት፤ አንዳንዱን መድኃኒት በድንገት ማቆም የራሱ ጉዳት አለው።

የእናቴ ሐኪም ዲክሎፌናኩንና የእንቅልፍ ኪኒኑን አስቀርተው የስኳሩን ቀየሩላት። ዛሬ ፌስታሏ ውስጥ ያለው ሦስት መድኃኒት ብቻ ነው። የእናትዎስ ስንት ነው?