የጠነከረ ሲሚንቶ ስለ ምን ይሰነጠቃል?

ሲሚንቶ ከጠነከረ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስለናል። ይሁን እንጂ በውስጡ የሚካሄደው ኬሚካላዊ ለውጥ አያበቃም፤ ከዓመታት በኋላም ግድግዳው ከውስጥ አብጦ ሊሰነጠቅ ይችላል። በጎለበተ ምንጭ ወይም በውኃ ማጠራቀሚያ ላይ ይህ ሲደርስ ንጹሑ ውኃ ይፈስሳል፤ ቆሻሻም ወደ ውስጥ መግቢያ ያገኛል።

ለዚህ ጉዳት ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ሰልፌት ነው። ሲሚንቶ በፋብሪካ ሲፈጭ፣ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ወዲያው እንዳይደርቅ ጥቂት ጂፕሰም በልክ ይጨመርበታል። ይህ ሲሚንቶው ገና ለስላሳ ሳለ ሥራውን ስለሚፈጽም አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው ሲሚንቶው ከጠነከረ በኋላ ሰልፌት ከአፈር ወይም ከከርሰ ምድር ውኃ ሲሰርግበት ነው። ሰልፌቱ በሲሚንቶው ውስጥ ካሉት የካልሲየምና የአሉሚኒየም ውሕዶች ጋር ተዋሕዶ ኤትሪንጋይት የተባለ መርፌ መሰል ክሪስታል ይፈጥራል። ክሪስታሉ ብዙ ውኃ ስለሚይዝ ሰፊ ቦታ ይሻል፤ ቦታ ሲያጣም ዙሪያውን ገፍቶ ይሰነጥቃል።

ስለዚህ ስንጥቁን በልስን መሸፈን ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ መከላከያው ከግንባታ በፊት ነው። አፈሩንና ውኃውን አስቀድመን እናስመርምር፤ ሰልፌት ከበዛም ሰልፌትን የሚቋቋም ሲሚንቶ እንምረጥ። ውኃ በልክ ጨምረን፣ በሚገባ ጠቅጥቀን፣ ከሙሌት በኋላም እያረጠብን እንንከባከበው። ከሁሉ በላይ፣ ውኃ በሚነካው ሥራ ላይ ቶሎ እንዲይዝ በማለት ሲሚንቶን ከጀሶ ጋር አንቀላቅል፤ ጀሶ ራሱ ሰልፌት ነውና።